በሰዎቿ የምትታማ ከተማ

የምነግራችሁን ካላመናችሁ አልቀየማችሁም። እኔ ራሴ ቆሜ እያየሁት አላመንኩትም።

ነገሩ የሆነው በአንድ ሰፊ አገር ነው። በዚያ አገር ሰው ሁሉ የሚጽፈው አንድ ዓይነት ጽሑፍ ነው፤ አፉን ሲከፍት ግን የአንዱን ከተማ ንግግር የሌላው ከተማ ሰው አይሰማውም። መንገድ የወጣ ሰው ሩዝ ሲያምረው በጣቱ መዳፉ ላይ እየጻፈ ያሳያል። እኔና ባለቤቴ ሹሊን የምንኖረው በአገሩ ትልቋ ከተማ፣ ረጅም ሕንፃ ላይ ነበር። እኔ ዕድሜዬን የጨረስኩት ሊፍት ስጠግን ነው። የኛ ሕንፃ ሊፍት ግን አንድም ቀን ሠርቶ አያውቅም። ልጠግነው ብል ያለ ፈቃድ አይነካም ተባልኩ። ፈቃድ ልጠይቅ ብሄድ ቢሮው የመጨረሻው ፎቅ ላይ ነው፤ ደረጃውን እንደ ምንም ወጥቼ ብደርስ፣ ፈቃድ ሰጪው የሕንፃው ሊፍት ካልተሠራ ሥራ አልገባም ብሎ ቤቱ ተቀምጧል። ከዚያ በኋላ ሹሊንን በጀርባዬ አዝዬ ማውጣት ጀመርኩ።

አዝላት የነበረው ሳንባዋ አልሆን ስላላት ነው። ሹሊን ለሕፃናት መዝሙር ታስተምር ነበር። የከተማዋ ጭስ መጀመሪያ ድምፅዋን ወሰደው፣ ቀጥሎ እንቅልፏን፣ በመጨረሻ ሁለት ቃል አከታትላ መናገር እስኪያቅታት ትንፋሿን። ሐኪሙ ደግ ሰው ነበር፣ አልሸነገለንም። አየር ለውጡ፣ ሌላ ክረምት እዚህ ከከረመች እኔን አትጠይቁኝ አለን። በጡረታዬ አየር እንዴት እንደሚለወጥ ግን አልነገረኝም።

ፍለጋ ወጣን። በመጀመሪያ የሄድነው ወደ አንዲት የወደብ ከተማ ነው። ባሕሯ ሲያዩት ያጠግባል። ቤት ስንላቸው አልጋ አሳዩን፤ እሱንም በፈረቃ። ቀን ቀን እኛ እንድንተኛበት፣ ማታ ደግሞ ባለቤቱ። መስኮት አለው ወይ ብዬ ብጠይቅ መስኮት ለብቻው ነው የሚከራየው አሉኝ። ሹሊን የመጣችው ለመስኮቱ ነው እኮ። ከዚያ ወደ አንዲት ሞቃት ደሴት ተሻገርን። እዚያ ደግሞ ቤቱ ሁሉ ባዶ ነው፤ ሰፈር ሙሉ ቤት፣ በሩ የተቆለፈ፣ መጋረጃው የተዘጋ። ዘበኛው እየዞረ መብራት ያበራል፣ እየዞረ ያጠፋል። ለምን አንዱን አታከራዩንም ብንለው በጣም ደነገጠ። ቤቶቹ ለማስቀመጥ የተገዙ እንጂ ሰው እንዲኖርባቸው አይደለም ብሎ መዳፉ ላይ ጻፈልን። እኔ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ሹሊን ግን ሳቀች፣ ሳቁም በሳል አለቀ።

በመጨረሻ ወደ ቤቶች ቢሮ ሄጄ ከሁሉ ርካሹ የት ነው አልኳቸው። ጸሐፊዋ የአንዲት ትንሽ ከተማ ስም ጠቆመችኝና አዘነችልኝ። ማንም አይጠይቃትም፣ አየሯ ይከረፋል፣ ሰዎቿ ሁልጊዜ ያማርራሉ አለችኝ። በዚያ አገር ኪራይ የሚቆረጠው እንዲህ ነው፤ በየዓመቱ የኪራይ ተማኙ ወደ እያንዳንዱ ከተማ ስንት ቤት ፈላጊ እንደመጣ ያያል፣ ፈላጊ የበዛባትን ያስወድዳል፣ ፈላጊ የሌላትን ይተዋታል። እኛ የምንችለው የተተወችውን ብቻ ነው። ሄድን።

ባቡር ጣቢያው በር ላይ ትልቅ ሰሌዳ ተሰቅሏል። እንዲህ ይላል፦ «ይህች ከተማ መጥፎ ናት። ባቡሩ ሳይነሳ ቢመለሱ ይሻልዎታል።» ከሰሌዳው ሥር የዓሣ ሆድዕቃ ክምር ፀሐይ ላይ ይበሰብሳል። አጠገቡ አንድ ጎልማሳ ቆሞ ወገቡ እስኪቆረጥ ይስላል። በገዛ እጄ ወደ ሞቷ አመጣኋት ብዬ ሻንጣውን ላነሳና ልመለስ ስል ባቡሩ ሄደ። ባቡሩ እንደሄደ የሚያስለው ሰውዬ አፉን ጠረገና ተቀመጠ፣ ከወንበሩ ሥር ሻዩን አወጣ፣ ክምሩን በሸራ ሸፈነ፣ ከዚያም እያፏጨ ጋዜጣውን ዘረጋ።

የጣቢያውን አጥር አልፈን ስንታጠፍ አፌን ይዤ ቀረሁ። ጠጠሩ የሚቆጠር ወንዝ፣ በሁለቱም በኩል ቀርከሃ፣ ከዚያ ወዲያ የመንደሪን አበባ ነፋስ በመጣ ቁጥር የሚያውድ። ሹሊን ቀጥ ብላ ቆመች። አቃታት ብዬ ልደግፋት ሮጥኩ። አላቃታትም፤ ቆማ ትተነፍሳለች። እንዲያው ዝም ብላ ትተነፍሳለች። እኔ ሰው የሚያየኝ መስሎኝ ፊቴን ወደ ወንዙ አዙሬ አለቀስኩ።

ጎረቤታችን እትዬ ፋንግ የሚባሉ ባልቴት ነበሩ። በወጣትነታቸው ትልቋ ከተማ በሰው ቤት አገልግለው ስለነበር የኛን ንግግር አቀላጥፈው ያውቁታል። በገባን በማግስቱ የዓሣ ሾርባ ይዘው መጡ። አንድ ማንኪያ ቀምሼ፣ እጅዎ ይባረክ፣ እንዲህ ያለ ሾርባ በሕይወቴ አልጠጣሁም ልል ስጀምር አፌን በመዳፋቸው ከደኑት። ከዚያ መስኮቱን ዘጉና ነገሩን አስረዱኝ።

ከተማዋን ርካሽ አድርጎ ያቆያት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ማንም አያመሰግናትም። ደስ የሚል ነገር ደስ ይላል ከተባለ ሰው ይሰማል፣ ከሰማ ይመጣል፣ ከመጣ ተማኙ ይመጣል፣ ያኔ ሁላችንም ሜዳ ላይ ነን አሉኝ። ስለዚህ ሰው ጠዋት መስኮቱን ሲከፍት መጀመሪያ የሚያደርገው ጮክ ብሎ አየሩን መስደብ ነው። ሻይ ቤት ገብተህ ስትወጣ አስተናጋጁ እንዴት መጥፎ ነበር ብሎ ይጠይቅሃል፤ አንተ ደግሞ ልክ እንደ እጣቢ ብለህ ትመልሳለህ፣ እሱም እጅ ነስቶ ይሸኝሃል። ሰርግ ላይ የሙሽራዋ አክስቶች በየተራ ተነሥተው ምን ሆና ነው ይህን ያገባችው ይላሉ፣ የሙሽራው ወገን ያጨበጭባል። ትምህርት ቤት ልጆች ማማረር ይፈተናሉ። አንደኛ የወጣው ልጅ እናት ውጤቱን ለጎረቤት ስትነግር፣ ልጄ አበላሸ ትላለች።

ለቅሶም አየሁ። ሟቹ እጀ ሰፊ፣ ችግረኛ የማያሳልፍ ሰው ነበር። አስከሬኑ ፊት ሰው እየተነሣ ስስታም ነበር፣ ክፉ ነበር ይላል፤ እንባው ግን ዱብ ዱብ ይላል። እኔ ክው ብዬ እትዬ ፋንግን አየኋቸው። የሳቸውም ባል ሲሞት እንዲሁ እንደሆነ በኋላ ነገሩኝ። አናጢ ነበር። የቤታቸውን በር የሠራው እሱ ነው፤ እርግቦችና የመንደሪን ቅርንጫፍ የተቀረጸበት፣ እንዲህ ያለ በር ቤተ መንግሥትም የለው። ሠርቶ ሲጨርስ እንዴት ነው ብሎ ጠየቃቸው።

«ይንቋቋል አልኩት» አሉኝ እትዬ ፋንግ። «እስኪሞት ድረስ ማጠፊያውን ዘይት ሲቀባ ኖረ።»

ይህን ሁሉ የሚያስተዳድረው ጎንግ የሚባል የምሬት ሹም ነው። ወፍራም፣ ፊቱ በጤና የሚያበራ ሰው ነው፤ ቢሮ ሲገባ ለደንቡ ትንሽ አመድ ይቀባል። ቤት ለቤት እየዞረ ከመጠን በላይ የፈካ አበባ ያስቆርጣል፣ ያማረ ልብስ ያስቀይራል፣ በመንገድ የሚስቅ ሰው ካገኘ ያስጠነቅቃል። ቤት ፈላጊ የሚመጣበት ቀን ሲሆን ደወል ያስደውላል፤ ያን ጊዜ ወንዙ ላይ ሸራ ይዘረጋል፣ ውሾች ይለቀቃሉ፣ ሳል የሚችል ሁሉ ጣቢያ ይሰለፋል። መጀመሪያ አካባቢ በጣም ተገረምኩ። ቆይቼ ንግግራቸውን ስለምድ እኔም ጎበዝ ሆንኩ። ያረጀ ሰው ማማረር አይቸግረውም፣ ሊፍት ጠጋኝ ከሆነ ደግሞ ጭራሽ።

ሹሊን ግን ተሻላት። መጀመሪያ ሳትደገፍ ወንዙ ድረስ ሄደች። ከዚያ ከኋላችን ያለውን ኮረብታ ግማሹን ወጣች፣ አንድ ቀን ደግሞ ጨርሳው ወጣችና ከላይ ሆና በእጇ ጠራችኝ። እኔ ነኝ እንጂ ሥር ቁጭ ብዬ የቀረሁት። ስትወርድ ከሰፈር ልጆች ጋር እየዘመረች ነበር። ድምፅዋን ከሰማሁት ስንት ጊዜዬ ነው! እልል ልል ስል ሹሙ ጎንግ መንገዱ ዳር ቆሞ ሲያያት አየሁትና አፌን ዘጋሁ።

ማታውኑ ቤታችን መጣ። ተቀመጥ ስለው አልቀመጥም አለ። የባለቤትህ ጉንጭ ቀልቷል አለኝ፣ ልክ እንደሰረቀች አድርጎ። ስትመጣ ጣቢያ ሰው አይቷታል፣ አሁን ሲያያት ምን ይላል? እኛ ዝም ብንል እንኳ የዚህች ሴትዮ ጉንጭ ከተማዋን ያመሰግናታል አለ። ልናስወጣችሁ ይገባ ነበር፣ ነገር ግን ልምድ ያላት ሴት ናት፤ እንግዳ በሚመጣበት ቀን ጣቢያ ቆማ ትሳል፣ እንተዋችኋለን አለ። እኔ ደሜ ፈላ። ሹሊን ግን ትከሻዋን ነቅነቅ አድርጋ እሺ አለችው። የስንት ዓመት ሳሌ ዛሬ ሥራ አገኘ ብላ ሳቀች።

ጎበዝ ሆነችበት። የሷን ሳል የሰማ እንግዳ ሻንጣውን ሳያወርድ ይመለሳል። የከተማው ሰው በመንገድ ሲያገኛት፣ ምን ዓይነት የማይረባ ሳል ነው የምትስይው ይላታል፤ ይህ እዚያ ትልቅ ክብር ነው። እኔ ግን አልለምድ አልኩ። ቁርጥ የድሮውን ሳሏን አድርጋ ነው የምታወጣው፤ በሰማሁት ቁጥር ላዝላት እሮጣለሁ። ስለዚህ ምልክት ሠራን፤ የውሸት ስትስል ግራ እጇን ወገቧ ላይ ታደርጋለች። እጇን ሳይ እረጋጋለሁ።

እንዲህ ሆነን ብንቀር ጥሩ ነበር። ኋላ ግን እንግዶች ሳሉን እየሰሙም አልመለስ አሉ። ሰዎቹ ይስላሉ፣ ሰማዩ ግን ሰማያዊ ነው፣ ይህ ነገር እንዴት ነው ብለው መጠየቅ ጀመሩ። ትልቅ የቤት ፈላጊ ቡድን በአውቶቡስ ሊመጣ ነው የሚል ወሬ ደረሰን፣ ከትልቋ ከተማ። ሹሙ ስብሰባ ጠራ። ከእንግዲህ አፍ ብቻ አይበቃም አለ። ሰማዩን ማጥቆር አለብን፤ በዚያን ቀን እርጥብ ጭድና አሮጌ ጎማ በየሰፈሩ ይቃጠላል አለ።

ተነሥቼ ስለ ሹሊን ተናገርኩ። ሐኪሙ ያለውን ሁሉ ነገርኳቸው። ጎንግ በትዕግሥት አዳመጠኝና፣ ለአንድ ቀን ነው፣ መስኮትህን ዝጋ አለኝ። ከዚያ እጅ ይውጣ ተባለ። ሁሉም አወጣ። እትዬ ፋንግም መሬት መሬት እያዩ አወጡ። እኔ እነዚህን ሰዎች ጎረቤቶቼ ነበር የምላቸው። አዳራሹን ትቼ ወጣሁ።

ቀኑ ደረሰ። መስኮቱን ዘጋን፣ ስንጥቁን ሁሉ በእርጥብ ጨርቅ ደፈንን። ግን ነፋሱ ወደኛ ሰፈር ዞረ፤ የቀርከሃ ቤት ደግሞ ጭስ አያቆምም። ክፍሉ ሲጠቁር ሹሊን በሩን በርግዳ ወጣች፤ ተከትያት ወጣሁ። ልክ ያኔ አውቶቡሱ ሰፈራችን ደርሶ እንግዶቹ ወርደዋል። ሹሊን መንገዱ መሃል ተንበርክካ ትስላለች። የሰፈሩ ሰው ዓይኑ በአድናቆት በራ። እኔ እጇን አየሁ። ሁለቱም እጇ መሬት ላይ ናቸው።

ወደ ጎንግ ሮጥኩ፣ እሳቱን አስጠፋ፣ የምሯን ነው አልኩት። እሱ እንግዶቹን በዓይኑ እያየ በጆሮዬ፣ ግሩም ነው፣ ቀጥሉበት አለኝ። ወደ ሰዎቹ ዞርኩና በነሱው ንግግር ሚስቴ እየሞተች ነው ብዬ ጮህኩ። አቤት! ይሄኔ ነው የሆነውን ማመን ያቃተኝ። መንገዱ ሙሉ ሰው አንድ ላይ፣ እኛም እየሞትን ነው ብሎ ጮኸ። አንዱ ደረቱን ይዞ ወደቀ፣ ሌላዋ ልጇን ከፍ አድርጋ እያሳየች ዋይ ዋይ አለች። እኔ የምሬን ነው፣ ውሃ አምጡ እያልኩ በለመንኩ ቁጥር የነሱ ጩኸት ይብሳል። በዚያች ከተማ የሚያማርርን ሰው ለብቻው የሚተው የለም፤ ያግዙሃል። እትዬ ፋንግ ብቻ አልጮሁም። ወደ ሹሊን እጆች ሲያዩ ቆዩና ባልዲ አንሥተው ወደ እሳቱ ሮጡ፤ የሹሙ ሰዎች ግን ያዟቸው።

የቀሩት እንግዶቹ ብቻ ናቸው። የትልቋ ከተማ ሰዎች ስለሆኑ የኔን ንግግር ይሰማሉ። ወደ አውቶቡሱ ተመልሰው መግባት ጀምረዋል። በሩ ላይ ቆምኩባቸው።

«ውሸት ነው» አልኩ። «ጭሱን ያነደድነው እኛ ነን። የዚህች ከተማ አየር በአገሩ የሌለ ነው። ወንዙን ሸራ ሸፍነንበት ነው፣ ጠጠሩ ይቆጠራል። ሚስቴን አዝዬ ነው ያመጣኋት፣ ኮረብታ ወጥታለች። ሰዎቹ ደጎች ናቸው፣ ሾርባቸው ይጣፍጣል፣ ኪራዩ ርካሽ ነው። ሁሉንም ውሰዱት፣ እሳቱን ብቻ አጥፉልኝ።»

ደረቱን ይዞ የወደቀው ሰው ቀና ብሎ ተቀመጠ። የትልቋን ከተማ ንግግር የማይሰሙትም ምን እንዳልኩ ከፊቴ ገባቸው። እንግዶቹ ተያዩ፣ ከዚያ ወረዱ፤ ባልዲ ቀምተው ወንዙ ላይ ያለውን ሸራ ገለጡና እሳቱን አንድ በአንድ አጠፉት። ሹሊንን ከመሬት አንሥቼ እንደ ድሮው አዘልኳት፤ ትንፋሿ ቀስ እያለ ሲመለስ አንገቴ ላይ ተሰማኝ። ሹሙ ጎንግ መሬት ላይ ቁጭ ብሎ አመዱን ከፊቱ በእጅጌው ይጠርጋል።

ከዚያ በኋላ ያለው አያስረዝምም። እንግዶቹ በዚያው ቀን ተመዘገቡ። ዘመድ ወዳጆቻቸውን ጠሩ። የኪራይ ተማኙ ራሱ መጣ፣ በሕይወቱ መጥቶ አያውቅም ነበር፣ ወንዙ ዳር ቆሞ አየሩን ሳበና ራሱን ነቀነቀ። የሩዙ አጨዳ ሳይደርስ ከነባሮቹ አንድም ሰው ኪራዩን መክፈል የሚችል አልቀረም። በነዚያ ሳምንታት ማንም ሰላም አላለኝም። አልፈርድባቸውም። ሹሊን በየደጁ እየሄደች ይቅርታ ስትጠይቅ በር ይዘጉባታል፤ እትዬ ፋንግ ብቻ ቤታቸውን አልዘጉም፣ መዝጊያውን ነቅለውት ስለነበር። ያንን በር ጋሪ ላይ አስጭነው፣ በብርድ ልብስ ሸፍነው ነው ከከተማዋ የወጡት።

ሁላችንም በአንድ ቀን ወጣን። ጋሪና ብስክሌት፣ ወፍ ከነጎጆዋ፣ ድስት በድስት ላይ። ኮረብታው ጫፍ ስንደርስ አንድ ሽማግሌ ወደ ኋላ ዞረና፣ ውሃው ጣፋጭ ነበር አለ። ሰው ሁሉ ክው አለ። ከዚያ አንዷ፣ የመንደሪኑ ሽታ አለች። ከዚያ ማን ያስቁማቸው! የሻይ ቤቱ አስተናጋጅ፣ ጣቢያ ላይ ይስል የነበረው ጎልማሳ፣ አንደኛ የወጣው ልጅ እናት፣ ሁሉም እያለቀሱ ያመሰግናሉ። ልጄ ጎበዝ ነው ትላለች ሴትዮዋ፣ ልጁም ሌላ ሰው የተጠራ መስሎት ዞር ዞር ይላል። ዕድሜ ልካቸውን ጎን ለጎን ኖረው ይህን ሲባባሉ የመጀመሪያ ቀናቸው ነው። እኔ ጋሪዬን ይዤ በዚያ መሃል መሄድ አቃተኝ።

ከኮረብታው ወዲያ መንገዱ ብዙ ቦታ ይከፈላል። እዚያ ስንደርስ ለቅሶው ቆመ። እያንዳንዱ ቤተሰብ ርካሽና ደስ የሚል ቦታ ሰምቷል፣ ወይም ሰምቻለሁ ብሎ ያስባል። የሻይ ቤቱን አስተናጋጅ ወዴት ናችሁ ብዬ ጠየቅኩት። ወደ አስቀያሚ ቦታ ነው፣ ወባ አለበት፣ እንዳትከተለን አለኝ። ጣቢያ ይስል የነበረውም እንዲሁ። ጎንግ ጭቃ ነው፣ ጭቃ ብቻ ነው እያለ ጋሪውን ገፍቶ ሄደ። አንዱ ለሌላው ወዴት እንደሚሄድ ሳይናገር ሁሉም በየመንገዱ ተበተነ። እኔና ሹሊን መንገዱ መሃል ቀረን። እኛ ምንም ቦታ አልሰማንም፤ ለኛ የሚናገርም አልነበረም።

እትዬ ፋንግ ጋሪያቸውን አቁመው ይጠብቁን እንደነበር ያየሁት ሁሉም ከሄደ በኋላ ነው። በአፌ ቤታቸውን ያጡ ሴትዮ ናቸው፣ ቀና ብዬ ላያቸው አልቻልኩም። ሹሊን ግን ቀረበቻቸውና ወዴት እንደሚሄዱ ጠየቀቻቸው። በወንዙ ታች፣ የእህታቸው መንደር ነው አሉ። ሹሊን ቦታው እንዴት ነው አለቻቸው።

አሮጊቷ ወደ ግራ አዩ፣ ወደ ቀኝ አዩ። እጃቸው ብርድ ልብሱ ሥር ገብቶ የበሩን እርግቦች ይዳስሳል።

«ጥሩ ነው» አሉ፣ ቃሉ አፋቸው ውስጥ አዲስ ሆኖባቸው። «አየሩ ጥሩ ነው ልጄ። ነይ።»